መዥገሯ ውስጥ የነበሩት ትርንጎዎች

ማክሰኞ፣ ባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ መዥገር ውስጥ ተገኘሁ። ክፍል ውስጥም ነበርኩ፣ መስኮቱ ጋ፣ ሁሌ የምቀመጥበት ዴስክ ላይ።

መዥገሯን ያመጣኋት እኔ ነኝ። እኛ ቤት ላማችን ቦራ ከመስክ ስትመለስ፣ በረት ሳትገባ መዥገሯ ይለቀማል። ከጆሮዋ ሥር፣ ከጡቷ መሀል እየነቀልኩ ምድጃ ውስጥ እጥላለሁ። ደም የጠገበች መዥገር በሕይወት ከግቢ አትወጣም፤ የእማ ሕግ ነው። ሰኞ ግን አንዷን፣ ባቄላ የምታክለውን፣ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ደበቅኳት። ቲቸር ዳምጠው መዥገር ማን ያመጣል ሲል እጄን አውጥቼ ነበራ።

ዘንድሮ እጅ አወጣለሁ። አምና አንድ ቃል ስለማልተነፍስ ዱዳዋ ይሉኝ ነበር። ዘንድሮ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጥያቄው ሳያልቅ እጄ አየር ላይ ነው።

ቲቸር ዳምጠው መዥገሯን ቀደዳትና ደሟን መስታወት ላይ ቀባ። መዥገር ሣር ጫፍ ላይ ወጥታ፣ የፊት እግሮቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ሙቀት ያለው ነገር እስኪያልፍ እንደምትጠብቅ ነገረን። ሳትበላ ብዙ ወር ትቆያለች አለ። ከዛ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ቀና ብሎ፣

"ትርንጎ፣ ነይ እስኪ" አለኝ።

ሄጄ አየሁ። ቲቸር ደሟ ውስጥ አሉ፣ እንደ ተጠማዘዘ ክር ቀጫጭን ናቸው ያለን ባክቴሪያዎች ቦታ ላይ ሴት ልጆች ነበሩ። ዩኒፎርም ለብሰዋል። ሁሉም እኔ ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። አንዷ ጠባሳዋ ግራ ቅንድቧ ላይ ነው፣ የኔ ቀኝ ላይ። አንዷ ሹሩባዋ ረዘም ይላል። አንዷ ቀና ብላ አታይም፤ እሷን ወዲያው ለየኋት፣ የአምናዋ ነች። ፈራሁ።

የተለመደ ነው አለ ቲቸር። አንዲት መዥገር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስማቸው አንድ ቢሆንም ዘረመላቸው ይለያያል። ሰውነት አንዷን ሲያባርር ሌላዋ ልብሷን ቀይራ ትገባለች።

እጄን አወጣሁ። "ቲቸር፣ ሰውነት የሚያባርረው የማያውቀውን አይደል?"

"አይደለም። በደንብ ያወቀውን ነው" አለ። "ጻፉት።"

መስታወቱን ሲያነሳው አንድ በአንድ ወረዱ። ወለሉን ሲነኩ ቁመታቸው የኔን አከለ። ጫማቸው ላይ ያለውን ደም ጠረጉ፣ እኛም ተጠጋጉላቸው ተባልን። ከኋላዬ የሚቀመጠው ሙሉሰው፣ ድሮም አንዷ እያለች የመመለስ ተራ አይደርሰንም ብሎ አማረረ። ክፍሉ ሳቀ። እነሱም በኔ ሳቅ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሲደወል ያቺ አንገቷን የደፋችው ቀድማ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ስለገባኝ ሮጥኩ። አቋራጩን ግን እሷም ታውቀዋለች።

ስደርስ ቦራ በረት ገብታለች። ተለቅማለች፤ ምድጃው ውስጥ መዥገሮች ጠሽ ጠሽ ይላሉ። ልጅቷ የእንጨት ዱካዬ ላይ ተቀምጣ እማ ታጎርሳታለች። አንገቷን እንደደፋች ትጎርሳለች።

"እማ፣ ያቺ እኔ አይደለሁም" አልኩ በሩ ላይ ቆሜ። "ከመዥገር ነው የወጣችው።"

እማ ተነስታ መጣች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ። እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም። ጠባሳዬን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። እጇ አመድ አመድ ይሸታል።

"እኔ ነኝ እኮ፣ እማ። ትርንጎ።"

"አውቄሻለሁ፣ የኔ ልጅ" አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ። አላንኳኳሁም።

መስኩ ላይ ስወጣ ሌሎቹ ትርንጎዎች ቀድመውኛል። እነሱም በሩን ሞክረው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። እያንዳንዳቸው ሣር ጫፍ ላይ ቆመዋል፣ ተራርቀው፣ ሳይነጋገሩ። ሣሩ ከሥራቸው አልጎበጠም። እኔም ባዶ ሣር ፈልጌ ወጣሁበት። በመንገዱ ሙቀት ያለው ነገር እየመጣ ነበር፤ ሰው ይሁን ከብት ገና አይለይም።

ሁላችንም እጃችንን አወጣን።