በቡና ማስጫው ላይ የቀረው ክብ

ወንድሜ በዛብህ ከቪየና ሚስት ይዞ ሲመጣ ዲላ ስለ ሙሽራዋ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በበረዶ ላይ በመንሸራተት የአገሯ ሻምፒዮን ነበረች። ይህን በኩራት ያወራው በዛብህ ራሱ ነው። የዲላ ሰው በረዶ የሚያውቀው የቡና አበባ ሲያረግፍ ነው። «ምን ዓይነት ሰው ነው እሱ ላይ የሚቆመው?» ብሎ ስቆ ስቆ ተወው።

ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ የካቲት ነበር። እኔም በዚያው ሰሞን ጥቁር ለብሼ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር፤ ከተማው ውስጥ አስተምር ነበር። ስለ ጥቁሩ ሌላ የምለው የለኝም። ሙሽራዋ ኤርናም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም። የተቀራረብነው በዚህ ይመስለኛል።

ገና በሕፃንነቷ እናቷ ጎሕ ሲቀድ እየቀሰቀሰች ወደ በረዶው ሜዳ ትወስዳት ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሻምፒዮን ሆነች። በሚቀጥለው ዓመትም ደገመችው። ከዚያ ልምምድ ላይ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፤ እሷ አልጋ ላይ ሳለች ማዕረጉ ለሌላ ሆነ። እዚያ እርሻ ይማር የነበረው ወንድሜ ያገኛት በክራንች ስትሄድ ነው። ሲጋቡ ቃል ገባላት፦ አንድ ዓመት ዲላ ይቀመጣሉ፤ የሚመጣው የፈረንጆች ገና ሲደርስ ለዓለም ሻምፒዮና ወደሚያሳልፈው ማጣሪያ ራሱ ይወስዳታል።

«ያ ካለፈኝ አርጅቻለሁ» አለችኝ። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

እኔ መንሸራተት ማለት ነፃ የሚሉት መዝለልና መሽከርከር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከነጥቡ የሚበልጠው የሚገኘው ግዴታ ቅርጽ ከሚሉት ነው። ተወዳዳሪዋ እንደ ስምንት ቁጥር ሁለት የተያያዙ ክቦች፣ እያንዳንዱን በአንድ እግሯ፣ በረዶው ላይ ትሠራለች፤ በዚያው መስመር ላይ ትደግመዋለች፤ እንደገና ትደግመዋለች። ዳኞቹ ጎንበስ ብለው የሚያዩት እሷን አይደለም፤ ያስቀረችውን መስመር ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ክቡ ውስጥ ሌላ ትንሽ ሞላላ ቀለበት ያለበት ነው።

በረዶ በሌለበት አገር ይህን የምትለማመደው አራት አራት ትናንሽ ጎማ ባለው ጫማ ነበር። የሚመች ወለል ደግሞ ዲላ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ የአባቴ የአቶ ጓንጉል ቡና ማስጫ። ሰፊ ስሚንቶ ነው፤ ለዓመታት ቡና ሲገፋበት ልሟል።

«ቡና እስኪደርስ ድረስ ያንቺ ነው፣ ልጄ» አላት አባቴ።

ከየካቲት እስከ መስከረም ጠዋት ጠዋት እዚያው ነበረች። ጎማው አንድ መስመር ላይ ሲመላለስ ስሚንቶው ጠቆረ፤ የማይለቅ ጥቁር ክብ፣ በውስጡም ሞላላው ቀለበት። ኤርና እየዞረች ታየውና ፊቷ ይፈካል።

ጥቅምት ሲገባ የመጀመሪያው ቡና መጣ። አባቴ ከሰፊው ስሚንቶ ክቡ ያለበትን አንዱን ጥግ ተወላት። ቡናው ተሰጥቶ ሳይደርቅ ያልተጠበቀ ዝናብ ወረደ፤ ሸራ እስኪለብስ አልጠበቀም። ከጥቂት ቀን በኋላ ቡናው ሻገተ።

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ሠራተኞች ደጅ ቆመው አልገባ አሉ። ዘነቡ የምትባለው የጌዴኦ ሴት፣ አባቴ ዘንድ ብዙ ዘመን ቡና የለቀመች፣ ስታየኝ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች።

«እትዬ፣ እኔ እዚህ ላይ ቡና አላሰጣም።»

«ለምን?»

«ዓይን አለው። ያየኛል።»

«ስሚንቶው?»

«ፈረንጇ ጽፋበታለች። ዝናቡ ቡናውን አበሰበሰ፣ ጽሕፈቱን ግን አጠበ? አላጠበ። ታዲያ!»

ከኋላዋ አንዷ «ሰው ቡና ያሰጣል፣ የእኛ ሙሽራ ዝናብ ታሰጣለች» ብላ ሴቶቹን አሳቀች። ሳቋን ግን ቶሎ ዋጠችው፤ ፈርታለች።

ወሬው ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። የእኛ ወገን፣ ከሰሜን የመጣው፣ ከሠራተኞቹ ይልቅ ባሰ። በየቤቱ ክታብ የማያውቅ የለማ። ብራና ላይ በክብ ውስጥ ክብ፣ በመካከሉ ዓይን የተሳለበትን ጠልሰም አንገቱ ላይ አስሮ ያደገ ሰው፣ የኤርናን ክብ ሲያይ ሌላ ነገር ሊያስብ አይችልም። አባቴ ራሱ አንድ አሮጌ ክታብ ከሳጥን አውጥቶ ከስሚንቶው ጋር ሲያስተያይ አየሁት። መሪጌታ ሠረቀብርሃንን አስጠራ፤ ክታብ በመጻፍ የታወቁ ሰው ናቸው። ሁለት ሽማግሌዎችም መጡ።

በዛብህ ከአባቴ አጠገብ ቆመ። ነገሩን በሁለት ቃል ሊያስረዳ የሚችል እሱ ነበር። በቪየና ስንት ጊዜ ከሜዳው ዳር ቆሞ ያንኑ መስመር እንዳየላት ኤርና ነግራኛለች። ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ።

መሪጌታ ክቡን ዞረው አዩት። «ጠልሰም ዓይን አለው። ይሄም ዓይን አለው» አሉ። ሽማግሌዎቹ አማተቡ።

ለኤርና በእንግሊዝኛ ተረጎምኩላት። ቁጭ ብላ ጫማዋን አሰረችና ስሚንቶው ላይ ወጣች። በአንድ እግሯ ሄደች፤ ክቡን ዞረች፤ ሞላላው ጋ ስትደርስ አካሏ ጠምዘዝ ብሎ ቀለበቱን አወጣ፤ በሌላው እግሯ ሁለተኛውን ክብ ዘጋች። ደገመችው። ጎማው ከሚያሰማው ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም ነበር።

መሪጌታ ኩታቸውን ሰብስበው ቁጢጥ አሉ። በጣታቸው መስመሩን ተከተሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ከመስመሩ ወጥታለች» አሉ።

ስተረጉምላት ኤርና በሩጫ መጣችና አጠገባቸው ተንበረከከች። አየችው። «እውነት!» አለች ባማርኛ፣ «እውነት ነው! ወጣ!» ሳቀች፤ ዲላ ከመጣች እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ለስምንት ወር ያጣችውን ዳኛ አገኘች።

መሪጌታም ሳቁ። «ጓንጉል፣ ጠልሰም እንዲህ አይለፋበትም። እኔ ብሳሳት እፍቃለሁ። ይህቺ መፋቂያ የላትም። ሥራ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።»

እፎይ አልኩ። ነገሩ አበቃ ብዬ ነበር።

አባቴ ግን አልሳቀም። «ሥራ መሆኑ ገብቶኛል» አለ። «እርስዎም ገብቶዎታል። ዘነቡስ? የሚገዛኝ ነጋዴስ? ፈረንጅ የጻፈችበት ቡና ነው ከተባለ በኋላ ማነው የሚቀርበው? ልጄን ሟርተኛ አላልኳትም። ቡናዬን ግን ሰው የሚፈራው ቦታ ላይ አላሰጣም።» ወደ በዛብህ ዞረ። «አንተን ነው የምገዝተው። እግሯ ከእንግዲህ በዚህ ጫማ ይህን ስሚንቶ ቢረግጥ፣ ልጄ አይደለህም። ገዝቼሃለሁ።»

የአባት ግዝት ምን እንደሆነ የእኛ ቤት ሰው ያውቃል። የሚፈታው የገዘተው ብቻ ነው። መሪጌታ «ኧረ ጓንጉል፣ ይህን ያህል…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

ሁላችንም በዛብህን አየን። «ቃል ገብቼላታለሁ» ማለት ይችል ነበር። «እስከ ገና ብቻ ነው፣ አባባ» ማለትም ይችል ነበር።

«ትታለች፣ አባባ» አለ።

ኤርና አየችኝ። ልተረጉም አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። «ገብቶኛል» አለች። ተቀምጣ ጫማዋን ፈታች። ግዝቱ የወደቀው በእሱ ላይ ነውና ስሚንቶውን በባዶ እግሯ አቋርጣ ወደ ቤት ገባች።

ማታ በዛብህ በራቸው ላይ ቆሞ ሲያናግራት ከክፍሌ ይሰማኝ ነበር። አማርኛ ነበር የሚናገሩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«የቡና ሰሞን ነው፣ ኤርና። አሁን አባቴን ጥዬ ልሄድ አልችልም። የሚመጣው ዓመት።»

«የሚመጣው ዓመት የለም።»

«ተናደሽ ነው።»

«አልተናደድኩም። እዚያ ጥቅምት በረዶ አለ። እሄዳለሁ።»

«ብቻሽን?»

ሻንጣ ከአልጋው ሥር ሲሳብ ሰማሁ።

በሳምንቱ አውቶቡስ ላይ ሸኘናት። አባቴ ሳይቀር መጣ፤ ግንባሯን ስሞ «እግዚአብሔር ይቅደምሽ» አላት፤ ከልቡ ነበር። በዛብህ ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ ሲያስር ቆየ። ገመዱ ከታሰረ በኋላም ያጠብቀው ነበር። ረዳቱ «ጋሼ፣ በቃ እኮ፣ ሻንጣዋን አነቁት!» ብሎ ነው ያወረደው።

በጥር ከቪየና የተመለሰ ተማሪ አገኘሁና ጠየቅሁት። ውድድሩን ሄዶ አይቶት፣ ኤርናንም አናግሯት ነበር። ቤት ስገባ በዛብህ ቡናውን ከሴቶቹ ጋር እያገላበጠ ነበር፤ መሪጌታ ጠበል ረጭተው ዘነቡም ተመልሳ ነበር።

«በግዴታው ቅርጽ አንደኛ ወጣች» አልኩት። «በነፃው ቁርጭምጭሚቷ ከዳት። በጠቅላላው አራተኛ ናት። የሚያልፉት ሦስት ናቸው።»

ቡናውን ማገላበጡን አላቆመም።

«በቅርጹ አንደኛ?»

«አንደኛ።»

«ትመጣለች አለ?»

«እሱን አልጠየቅሁትም» አልኩት።

ጠይቄው ነበር።