ሰባቱ የወረቀት እመቤቶችና ልብሳቸው

ከዚህ ኃላፊ ዓለም ሥራ ሁሉ ይህ እጅግ ያስደንቃል፤ ጽኑዕና ግዙፍ ግንብ በዘመን ብዛት ሲናድ፣ እፍ ቢሉት የሚበን ስስና ትሑት ወረቀት ግን፣ በፍቅር የሚይዘው እጅ ካገኘ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሸጋገራል። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ የነገር ክብደት በሚዛን ብቻ እንደማይታወቅ ከዚህ ተረዳ።

በጎንደር ከተማ፣ በልብስ ስፌት መምህርነት ያረጁ ወይዘሮ ዘርፌሽዋል የሚባሉ ብልኅና ትዕግሥተኛ ሴት ነበሩ። የቀድሞ ልጃገረዶች በእጃቸው ቆርጠውና ስለው የሠሯቸውን የወረቀት አሻንጉሊቶች፣ ከነካባቸውና ከነቀሚሳቸው እየፈለጉ ማሰባሰብ የኑሯቸው ደስታ ነበር። ከሁሉም አብልጠው የሚወዷቸው፣ ዓይናቸው በጥቁር ቀለም የተኳለ፣ ቅንድባቸው እንደ ፀጉር የረቀቀ ሰባት እመቤቶች ነበሩ። እነዚህንም ወይዘሮ ደብሪቱ የተባሉ የደብረ ታቦር ባልቴት «ልብሳቸው የት እንዳለ ግን አትጠይቂኝ» ብለው ሰጥተዋቸው ነበርና፣ ዘርፌሽዋል ለዕርቃናቸው መሸፈኛ ሲፈልጉ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ አረጋዊት መነኩሲት ጥቃቅን የወረቀት ልብስ በሙዳይ እንደሚያኖሩ ሰምተው፣ እመቤቶቹን ይዘው ወደ ጎጇቸው ሄዱ። ሙዳዩ ቢከፈት፣ ጥለታቸው በቀለም የተጠለፈ ቀሚሶች፣ ጃንጥላና ቀይ ካባ ወጡ። ዘርፌሽዋል ካባውን ለአንዲቱ ቢደርቡላት፣ ልክክ አለ። መነኩሲቷም የአሻንጉሊቷን ፊት አተኩረው አይተው፣

«ይህን ቅንድብ የሳለችው እህቴ ደብሪቱ ናት። እርሷ ገላውን ትቆርጥ ነበር፤ እኔ ልብሱን። በሠርጓ ቀን ተቀያይመን፣ እርሷ እመቤቶቹን እኔም ልብሱን ይዘን ተለያየን፤ ይኸው አርባ ዓመት። ለመሆኑ በሕይወት አለች?» አሉ።

«አሉ እማሆይ፤ ደብረ ታቦር ናቸው።»

አሮጊቷ አለቀሱ። «እንግዲያስ ልብሱንም አንቺው ውሰጂው፤ እኛ ባንገናኝ እነርሱ ይገናኙ።»

የአሥራ ሁለት ዓመት ምኞታቸው በመዳፋቸው ላይ ተኝቶ ሳለ፣ የዘርፌሽዋል ልብ ተሟገተ፤ ጣታቸውም ካባውን ይዞ ለመልቀቅ ዘገየ። ኋላ ግን አጥፈው ወደ ሙዳዩ መለሱት።

«የወረቀቱ ይደርሳል፤ አስቀድሞ የእናት ልጆች ይገናኙ። ነገ አብረን እንሂድ።»

«ባትቀበለኝስ?»

«ባይቀበሉዎት አብረን እንመለሳለን።»

በማግሥቱ ወይዘሮ ደብሪቱ በራቸውን ከፍተው፣ አንድ ጊዜ የእህታቸውን ፊት፣ አንድ ጊዜ ሙዳዩን አዩ።

«እታለም» አሉ፣ «ቀዩን ካባ አልጣልሽውም?»

«ምን በወጣው ይጣላል! የትልቋ እመቤት ነው እኮ።»

«የለም፣ የታናሿ ነው!»

እንዲህ እየተከራከሩ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እያለቀሱም ሳቁ። ዘርፌሽዋልም ሰባቱን እመቤቶች በመደቡ ላይ ደርድረው ተሰናበቱ፤ በመንገድ ላይ እጃቸው ባዶ መሆኑ ጥቂት ቢያስቆጫቸውም፣ እርምጃቸው ግን እንደ ልጃገረድ ቀሏቸው ነበር። እጅ የሰበሰበውን ዘመን ይበትነዋል፤ ዕርቅ የሰበሰበውን ግን ሞት እንኳ አይበትነውም።