አደባባይ የወጣው እጭ

እንየው እባላለሁ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጫፍ ላይ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። ቀኑን ሙሉ «አንገትህን ቀና አድርግ፣ ጆሮሽን ግለጪ» ስል እውላለሁ። የሰው ፊት ሰልችቶኛል፤ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል።

እሑድ እሑድ ኮምቦልቻ ወርጄ ቦርከና ዳር እንበረከክ ነበር። ከመስኮት መስታወት ያጣበቅኋትን ሳጥን የውኃውን ውስጥ እንድታሳየኝ ላዩ ላይ ጫን አደርጋታለሁ፤ ሌንሱን ከካሜራው ፈትቼ፣ ገልብጬ ካሜራው አፍ ላይ በእጄ እደግፈዋለሁ። የተገለበጠ ሌንስ የጤፍ ፍሬ የምታህለውን ነገር ባቄላ አሳክሎ ያሳያል። ችግሩ፣ ትንፋሽ ከተሳበ ምስሉ ይደበዝዛል። እንዲህ ሦስት ዓመት ለፍቼ አንዲት የምኮራባት ፎቶ አገኘሁ፤ የውኃ ተርብ እጭ፣ ገና ክንፍ ሳያወጣ፣ መንጋጋውን ወርውሮ የእንቁራሪት ልጅ ሲይዝ።

የተያዝኩትም ያን ዕለት ነው። ድልድይ አጠገብ ካሜራ መያዝ ክልክል መሆኑን አልረሳሁም፤ ትል ነው የማነሳው ብል ማንም እንደማያምነኝ ነበር የረሳሁት። የቦርከና ድልድይ ጥበቃዎች ደሴ አምጥተው ለቀበሌያችን አስረከቡኝ። ሊቀመንበሩ ጓድ ሞላልኝ ጨለማ ክፍሌ ድረስ ገብቶ፣ አጠገቤ ቆሞ ፊልሙን አሳጠበኝ። ድልድይ የለበትም። እጩን ሲያይ ግን ፊቱ በራ።

«ኢምፔሪያሊዝም ማለት ይሄ ነው» አለ።

የታጠበውን ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ ኪሱ ከተተው። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሠዓሊ አስጠርቶ እጩን ባቡጀዲ ላይ አሣለው፤ የአሜሪካ ባለ ኮከብ ቆብም አስደፋበት። ሥዕሉ ከፎቶ ቤቴ ፊት ለፊት ተሰቀለ። ኔጋቲቩን ልለምን ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስቴም «የአብዮቱ ንብረት ነው» ተባልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከሠራሁት ሁሉ የኔ የምለው እሱን ብቻ ነበር፤ እንቅልፍ ነሳኝ።

ያን ሰሞን ድርቅ ያፈናቀለው ሰው ከሰሜን በኩል እየጎረፈ ከተማውን ሞልቶት ነበር። እኔም እንደ ሌላው ሰው እያየሁ አላይም። አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ አጥንቷ የወጣ ላምና ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃቸውን ይዘው ሥዕሉ ሥር ተቀመጡ። የቀበሌው ጥበቃ በሺርም ጠመንጃውን አንግቶ እዚያው ቆሟል።

«አሰላሙ አለይኩም የኔ ልጅ» አሉኝ። «ምንድነው ይኸ ፍጥረት?»

በሺር ዞር ብሎ አየኝ። ምን ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ፈራሁ። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ለመዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል።

«የውኃ ተርብ እጭ ነው አባባ። ቆቡን ሠዓሊው ነው የጨመረበት። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«ውኃ ውስጥ ነው የሚኖር?»

«አዎ። ውኃ ከደረቀ ይሞታል።»

ሥዕሉን ትተው እኔን ያዩኝ ጀመር።

«የት ነው ውኃው?»

«ቦርከና፣ ኮምቦልቻ።»

«በአላህ ይዠሃለሁ፣ አሁንም አለ?»

«አለ።»

«ሣርስ አለው ዳሩ? የቀረችን ይችው አንዲት ላም ናት።»

ሦስት ዓመት የተንበረከክሁበትን ዳር ላስታውስ ሞከርኩ። የእጩን ዐይን አውቀዋለሁ፣ መንጋጋውን አውቀዋለሁ፣ እግሩ ላይ ያለችውን ፀጉር ሳይቀር ቆጥሬያታለሁ። ሣር ይኑር አይኑር ግን አላውቅም።

«እንጃ አባባ» አልኳቸው። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

«አብሽር፣ ሄደን እናየዋለን» ብለው እሳቸው እኔን አጽናኑኝ።

ከዚያ «ጣይባ፣ ተነሽ» ብለው ልጃቸውን ጠሩ። ላሚቱ ግን ከተኛችበት አልነሣም አለች። በሺር ሳይታሰብ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ መጣ፤ እሱና እኔ ከኋላ፣ ጣይባ ቀንዷን ይዛ አስነሣናት። አባትና ልጅ ላሚቱን እየነዱ ቀስ እያሉ የኮምቦልቻን ቁልቁለት ያዙ።

ኔጋቲቩን ለመጠየቅ ዳግመኛ አልሄድኩም።