ቢጫ ናስትሮ

አጎቴ የሆስፒታሉ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነው። ነርሶቹ «ዶክተር ካቻቪቴ» ይሉታል፤ ቀልድ መሆኑን አያውቅም፣ ወይም አውቆ ወዶታል። እኔ የመጨረሻ ዓመት የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለሦስት ወር ልምምድ እሱ ዘንድ የገባሁት እናቴ ወንድሟን ለምናልኝ ነው። ከመቶው አርባውን ነጥብ የሚሰጠኝ እሱ ነው፤ ከአርባው ሃያ ካላገኘሁ ልምምዱን እደግማለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም። ቤት «አንተ» የምለው ሰው በመጀመሪያው ቀን «እዚህ እርስዎ ነው» አለኝ። እሺ አልኩ። በዚህ አልተጣላንም።

ያጣላን አረፋ ነው።

በልምምዱ የመጨረሻ ሳምንት አሥራ አንድ የኦክስጅን ማሽኖች ከየክፍሉ ለግማሽ ዓመቱ ምርመራ መጡ። ማሽኑ ተራ አየር ይስባል፣ ናይትሮጅኑን ያስቀራል፣ ኦክስጅኑን በቱቦ ለበሽተኛው ይሰጣል። የአጎቴ ምርመራ አጭር ነው፤ ቱቦውን ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ይነክራል። አረፋ ከወጣ አለፈ። አረንጓዴ ምልክት ይለጠፍበታል፤ «የመረመረው» በሚለው መስመር ላይ ደግሞ እኔ እፈርማለሁ።

በአፌ ብነፋበትም አረፋ ይወጣል አልኩት። ሳቀ። «እንግዲያው አንቺም ላይ እንለጥፍብሻለን፣ ኢንጂነሯ» አለኝ።

ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ለመመረቂያ የሠራነውን የኦክስጅን መለኪያ ከቦርሳዬ አወጣሁ። መልክ የለውም፤ ሣጥኑ የሳሙና ማስቀመጫ ነው። «እጅ ልታስታጥቢኝ ነው?» አለኝ አጎቴ። ተራ አየር ላይ ያዝኩት፤ ከመቶ ሃያ አንድ አነበበ፣ ልክ ነው። ከኦክስጅን ሲሊንደር ጋር አገናኘሁት፤ ዘጠና ዘጠኝ። ከዚያ ማሽኖቹን ለካሁ። ጤነኛ ማሽን ከዘጠና በላይ መስጠት አለበት። ሰባቱ ሰጡ። አራቱ ግን ሃምሳ ስምንት፣ ስድሳ አንድ፣ ሰባ፣ አርባ ሰባት። የአራቱም አረፋ ያምራል።

እንዲህ ሲወርድ ማሽኑ ራሱ መጮህ ነበረበት። ለምን ዝም እንዳለ ለማየት የአርባ ሰባቱን የኋላ ክዳን ፈታሁ። የማስጠንቀቂያው ሽቦ ተቆርጧል። ጫፉ በቢጫ ናስትሮ ሦስት ዙር ተጠቅልሏል፤ የናስትሮው መጨረሻ በኋላ ለመላጥ እንዲመች ታጥፏል። ናስትሮ እንዲህ የሚያጥፍ አንድ ሰው ነው የማውቀው። የእናቴ ካውያ ገመድም እንዲሁ ነው የተጠቀለለው። የቀሩትን ሦስቱን ከፈትኩ። ያው ናስትሮ፣ ያው እጥፋት።

«እርስዎ ነዎት?» አልኩት።

አልካደም። ካቻቪቴውን በጨርቅ እየወለወለ፣ ማሽኖቹ ቀን ከሌት እየጮሁ በሽተኛ አላስተኛ ሲሉ ነርሶቹ ለምነውት እንደቆረጠው፣ መለዋወጫ ከጠየቀም ሁለት ዓመት እንዳለፈው ነገረኝ። ሁለቱም እውነት ነው፤ የጻፈውን ደብዳቤ አይቼዋለሁ።

«ያለቀሰ ሁሉ አልታመመም» አለ።

«ዝም ያለም ሁሉ አልዳነም። አልፈርምም።»

«ዳዴ ስትይ ያየሁሽ ልጅ፣ በገዛ ወርክሾፔ አልፈርምም ትይኛለሽ? ነጥብሽ የት እንዳለ ረሳሽው?»

«ኪስዎ ውስጥ ነው። አልረሳሁም።»

ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እናቴ ደወለች። ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ አለች። ወንድሜ ፊት አዋረድሽኝ አለች። አንድ ፊርማ ስንት እስክሪብቶ ይጨርሳል አለች። መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አጎትሽ እኮ ነው። ለእኔ ስትይ» አለች።

«እማ፣ መተንፈስ ቢያቅትሽ አርባ ሰባቱን ላምጣልሽ?»

ስልኩን ዘጋችው።

መበየጃውን ሰካሁ። ናስትሮውን ላጥኩ፤ ማጠፉ ጠቀመኝ። የአራቱንም ሽቦ መልሼ በየድኩ፣ ክዳናቸውን ገጠምኩ፣ በሩ አጠገብ ደርድሬ አንድ ላይ አስነሳኋቸው። ከዚያ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ለጥቂት ደቂቃ አጉረመረሙ። አንዱ ጮኸ፤ ሦስቱ ተከተሉት።

ኮሪደሩ በሰው ሞላ። የሕፃናት ክፍል ዋና ነርሷ ጆሮዋን ይዛ ገባችና ምን ሆነው ነው ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው ከቢሮው የወጣውን አጎቴን ነው፤ እኔም መልሱን ለእሱ ተውኩለት። እሱ ዝም ቢልም ማሽኖቹ ዝም አላሉም።

«በቂ ኦክስጅን አይሰጡም» አለ በመጨረሻ።

«ሁለቱ እስከ ትናንት እኛ ጋ ነበሩ» አለች።



በምርመራ ቅጹ ላይ በአራቱ ማሽኖች ፊት ለፊት የለካሁትን ቁጥር አስገብቼ፣ «አላለፈም» ብዬ ፈረምኩ። ክፍሉ ውስጥ ቀይ ምልክት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ተፈልጎ አያውቅም። ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ በራሱ ቢጫ ናስትሮ ለጠፍኩባቸው። ያለፉትን ሰባቱን ግን፣ የማስጠንቀቂያ ሽቦአቸውን ሳላይ፣ በማግስቱ እኔ ከመድረሴ በፊት ወደየክፍላቸው መልሷቸው ነበር።

ከአርባ አሥራ ዘጠኝ ሰጠኝ። አስተያየት በሚለው ቦታ «እጇ ጥሩ ነው፤ ትእዛዝ አትቀበልም» ብሎ ጽፏል። አልተከራከርኩትም።

ጓደኞቼ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እኔ የድጋሚ ልምምድ ቅጽ እሞላ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ አዝናልኝ ሌላ ሆስፒታል እንድመርጥ መከረችኝ፤ ቀለል ያሉ ኃላፊዎች አሉ አለች። አመስግኜያት የአጎቴን ወርክሾፕ ጻፍኩ።

የሰባቱን ጀርባ ገና አልከፈትኩም።