ለወንድሟ ጉልበት

ሐኪሙ በአውራ ጣቱ የሰውዬውን ቅልጥም ተጭኖ ሲለቀው የተፈጠረው ጉድጓድ አልሞላም። በሽተኛው፣ ሚስቱና ታናሽ እህቱ ጉድጓዱን አዩት። እህትየዋ ፋርማሲስት ናትና ነገሩ ከሌሎቹ ቀድሞ ገባት።

"ብርድ ይሰማዎታል?" አለ ሐኪሙ።

"በዚህ ሙቀት ሹራብ ደርቦ ነው የሚተኛው" ስትል ሚስቱ ቀደመች። "ድሮ አንድ ሳሎን ሙሉ ሴራሚክ በአንድ ቀን አንጥፎ የሚመጣ ሰው፣ ዘንድሮ ጫማውን ለማሰር ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። የሥራ ባልደረቦቹ 'ጋሼ ኤሊ' ብለውታል። እኔም ሰነፍክ እያልኩ ስጨቀጭቀው ከረምኩ።"

ሴራሚክ አንጣፊው ፈገግ ለማለት ሞከረ። ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ ጠበዋል፤ ድምፁም ጎርንኗል።

"ስንፍና አይደለም" አለ ሐኪሙ። "አንገትዎ ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ደክሟል። እሱ ሲደክም ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት የሚቀይርበት ፍጥነት ይወርዳል። ሰው ይበርደዋል፣ ብዙ ሳይበላ ይወፍራል፣ ልቡ ቀስ ትላለች፣ ኮሌስትሮሉ ይጨምራል። ይህ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ይስተካከላል።"

ሚስቲቱ እፎይ ልትል ስትል ሐኪሙ ሁለተኛውን ወረቀት ገለጠ።

"እኔን ያሳሰበኝ ኩላሊትዎ ነው። ማጣራት ከሚገባው ሲሶውን ብቻ ነው የሚያጣራው። ታይሮይዱም ከፍ ያለው የደም ግፊትዎም ድርሻ ይኖራቸዋል። ግን የሕመም ማስታገሻ ያዘወትራሉ?"

እህትየዋ የወንድሟን ጉልበት አየች። ሴራሚክ የሚነጠፈው ተንበርክኮ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ወንድሟ እያነከሰ ፋርማሲዋ መጥቶ፣ "እህት ዓለም፣ ነገ ትልቅ ሥራ ልረከብ ነው፤ የሆነች ነገር ስጪኝ" ብሏት ነበር። ተንበርክኮ ሠርቶ ያስተማራት እሱ ነው፤ እንዴት እምቢ ትበለው? ማዘዣ ሳትጠይቅ ማስታገሻ ሰጠችው። በኋላ በኋላ እሱም መጠየቁን ተወ፤ እሷ የወሩን በከረጢት አዘጋጅታ ትጠብቀው ጀመር።

"አልፎ አልፎ" አለ ወንድሟ ወለሉን እያየ። "ካገኘሁበት እየገዛሁ።"

"አልፎ አልፎ ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን። በመርፌ ከኩላሊትዎ ናሙና ይወሰዳል። አንዳንዴ ሊደማ ስለሚችል ቀላል አይደለም።"

"ይወሰድ።"

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ቀጠሮ ልታስይዝ ወደ መስኮቱ ስትሄድ ወንድምና እህት አግዳሚው ወንበር ላይ ቀሩ።

"ጋሼ፣ እውነቱን ንገረው።"

"አብደሻል? ያለ ማዘዣ ሸጠች ብለው ፈቃድሽን ቢነጥቁሽ ልጆችሽን ምን ልታበያቸው ነው?"

"በከንቱ ሊወጉህ ነው እኮ!"

"ይውጉኝ። የጠየቅኩሽን ሰጠሽኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"አንተማ ሳታውቅ ነው የጠየቅከኝ። እኔ ግን ኩላሊት እንደሚጎዳ እያወቅኩ ነው የሰጠሁህ።"

ወንድሟ የእጇን አንጓ ያዘ። መዳፉ ከብረት ይቀዘቅዛል። "በእናታችን ሞት፣ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ።"

ሚስቱ ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች። "ማክሰኞ ጠዋት ነው ያሉት" አለች። ከዚያ ወደ ፋርማሲስቷ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እህቴ፣ መቼም ከኛ ውስጥ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይሄ መርፌ ያስፈራል እንዴ? ሌላ መንገድ ቢኖር ትነግሪኝ ነበር አይደል?"

ወንድሟ ዓይኑን አፈጠጠባት። እሷ ግን እጇን ከመዳፉ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣችና የሐኪሙን በር አንኳኩታ ገባች።

"ዶክተር፣ አልፎ አልፎ አይደለም" አለች ሳትቀመጥ። "ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ነው። ጠዋትና ማታ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። ትናንትም ወስዷል። የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ፋርማሲስት ነኝ።"

ተከትላት የመጣችው ሚስት በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። "ስድስት ዓመት?" አለች።

ሐኪሙ የናሙናውን ትእዛዝ ሰረዘና ባዶ ወረቀት ገፋ አደረገላት።

"ከዛሬ ጀምሮ አንድም ፍሬ እንዳይወስድ። ታይሮይዱን እያከምን በየሁለት ሳምንቱ ደሙን እናያለን፤ ካልተሻሻለ ወደ ናሙናው እንመለሳለን። ምን ያህል እንደሚመለስለት ግን ቃል አልገባም። የመድኃኒቱን ዓይነት፣ መጠኑንና የተጀመረበትን ጊዜ ይጻፉልኝ። የሰጪው ስም አያስፈልገኝም።"

ተቀምጣ ጻፈች። ከጀርባዋ የወንድሟ ጎታታ እርምጃ ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ ሚስቱም ማልቀስ ስትጀምር ሰማች። አልዞረችም። መጠኑንና ዓመቱን ጽፋ ስትጨርስ ብዕሯን አላስቀመጠችም። ከወረቀቱ ግርጌ ሙሉ ስሟን፣ ከስሟ ቀጥሎም የሙያ ፈቃድ ቁጥሯን ጻፈች።