እሺና እምቢ

ተዘጋ፣ መዘጋት አልነበረበትም፣ ጠመንጃ ጠጋኙ መዝጊያውን ከፍቶ መለኪያዋን ያወጣል፣ ይጠርጋታል፣ ደግሞ ያስገባታል፣ ደግሞ ተዘጋ። ሁለት የብረት መለኪያዎች አሉት፣ ጥይት የሚመስሉ፣ አንዷን እሺ ይላታል፣ እሷ ስትገባ መዝጊያው መዘጋት አለበት፣ ሌላዋ በፀጉር ውፍረት ትረዝማለች፣ ስሟ እምቢ ነው፣ አሁን የገባችውም እሷ ናት፣ እሷ ገብታ የሚዘጋ ጠመንጃ ጥይቱን አጥብቆ አይዝም፣ ሲተኮስ ቀለሃው ይፈነዳና እሳቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ዓይን። ወደ አማቹ ዓይን።

የአማቹ ጠመንጃ ነው፣ አዲስ አፈሙዝ ይግባልኝ ብሎ ትናንት ጥሎት ሄደ፣ ልጁ ግን ቀድማው መጥታ ጓዳ ነበረች፣ ከንፈሯ አብጦ፣ በር መታኝ አባዬ፣ የትኛው በር ነው ደግሞ እጅ ያበቀለው። ተወው፣ እንዲሁ ስጠው፣ ማን ያውቅብሃል፣ የእጁን አገኘ ይባላል፣ በቃ። እሷ አጠገቡ ብትሆንስ። ደግሞስ ማን ዳራት፣ አልወደድኩትም አባዬ ስትለው፣ እሺ ይበልጣል ከሺህ ልጄ፣ ያላት ማን ነው፣ ማን ይሆናል፣ ራሱ ነው እንጂ። እምቢ ማለትን ለብረት ሲያስተምር ኖረ፣ ልጁን ግን ነፈጋት። ያንገበግበዋል።

አይ፣ እጁ አይችልም፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። አፈሙዙን ፈትቶ ብረት መላጫው ቶርኖ ላይ ያስረዋል፣ የአፈሙዙን ትከሻ ላጥ፣ ጠለቅ ብሎ እንዲገባ፣ ቀስ፣ ኧረ ቀስ፣ መልሶ ያጠብቀዋል፣ እሺን ያስገባል፣ ተዘጋ፣ እምቢን ያስገባል፣ መዝጊያው ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ። ጎሽ ይለዋል ብረቱን፣ ልጁን እንዲህ ብሏት አያውቅም።

አማቹ ሳያንኳኳ ይገባል፣ አለቀ አባባ፣ እጅዎ ይባረክ፣ በሉ እሷንም ይጥሩልኝ፣ እንሂድ። ልጁ የጓዳውን መጋረጃ ከውስጥ ጨብጣ ትይዘዋለች። እሺ የሽማግሌው ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ የለመደ አፍ፣ ይውጠዋል።

እምቢ ይላል።

ምን አሉኝ?

ጠመንጃው በመካከላቸው ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፣ ደህና ሆኖ፣ የተኳሹን ዓይን የማያጠፋ፣ ጥይቱ አማቹ ኪስ ውስጥ ነው፣ ለጠመንጃውም የሚቀርበው የአማቹ እጅ ነው፣ አንተ ሽማግሌ ምን አደረግህ ይላል ለራሱ፣ ለአማቹ ግን፣ እምቢ አልኩህ፣ ልጄ አትሄድም።