የሪሞቱ አራተኛ ቁልፍ

ጂንካ ውስጥ የመብራት ሥራ ስሠራ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከዕቃ ጋር የሚመጣ መመሪያ አንብቤ አላውቅም። ከወላይታ ስመጣ ሙያውን በእጄ ይዤ ነው የመጣሁት፤ ወረቀት ዘርግቶ ሊያስተምረኝ የሚሞክር ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ዛሬ ይህን የማወራው በራሴ እያፈርኩ ነው።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ዶላሞ ያስጠሩኝ ባለቤታቸው እትዬ አበዛሽ በስትሮክ ከወደቁ በኋላ ነበር። እትዬ አንደበታቸው ተዘግቷል፤ ከግራ እጃቸው በቀር የሚታዘዝላቸው አካል አልነበረም። ኃይለኛ ብርሃን ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ጨለማ ደግሞ ይፈራሉ። ልጃቸው ኤልሳ ይህን ሰምታ ብርሃን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ዲመር ከነሪሞቱ ከሐዋሳ ላከች። ሪሞቱ አራት ቁልፍ አለው። አንዱን ከፍ ለማድረግ፣ አንዱን ዝቅ ለማድረግ፣ ሦስተኛውን ለማጥፊያ አደረግኩት። አራተኛው ሥራ ፈታ።

"ይሄኛው ሱቅ ያለውን አምፖል ማብራት አይችልም?" አሉ ጋሽ ዶላሞ። "ስትፈልገኝ እንዳውቅ ነው።"

ሱቃቸው መንገድ ዳር ነው፤ መኝታ ቤቱ ከግቢው ጀርባ። እትዬ መጣራት ስለማይችሉ፣ ጋሽ ዶላሞ በየሩብ ሰዓቱ ከስፌት መኪናቸው እየተነሱ ያዩዋቸው ነበር። ሐሳቡን ወደድኩት። ከዲመሩ ጋር የመጣች፣ የሪሞቱን ትእዛዝ የምትቀበል ክብሪት ቤት የምታክል ሪሲቨር ከሱቁ አምፖል ጋር አያያዝኩ። ከሌሎች ዕቃዎች እንደለመድኩት መብራቱን አጥፍቼ መልሼ አበራሁና አራተኛውን ቁልፍ ሦስት ሰከንድ ተጫንኩ። አምፖሏ ብልጭ አለች፤ ሪሲቨሯ ቁልፉን ተማረች ማለት ነው። ጋሽ ዶላሞ ከቁራጭ ጨርቅ ማንገቻ ሰፍተው ሪሞቱን ከእትዬ እጅ ላይ አሰሩት። እትዬ ሲሞክሩት አምፖሏ በራች። በግማሽ ከንፈራቸው ሳቁ።

"መብራት ከሄደስ?" አሉ ጋሽ ዶላሞ። ጂንካ ለሚኖር ሰው ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

"ችግር የለም። እትዬ፣ መብራት ከሄደ ቁልፉን ተጭነው ይቆዩ። ልክ ሲመጣ አምፖሏ ትበራለች" አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም። እንደዚያ መሰለኝ፣ ደግሞም ባለሙያ አላውቅም ማለት አይወድም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጋሽ ዶላሞ በየሩብ ሰዓቱ መነሳቱን ተዉት። ሲሰፉ አንድ ዓይናቸው አምፖሏ ላይ ነው። "ካልበራች ደህና ናት" ይሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከዲመካ ለገበያ የመጡ ደንበኞች ሚኒባስ ሳይሄድባቸው ልብሳቸውን ሊወስዱ ሱቁን ሞሉት። ጋሽ ዶላሞ ከጠዋት ጀምሮ መኪናቸውን እየረገጡ አረፈዱ። በመካከል መብራት ለትንሽ ጊዜ ሄዶ መጣ። ሲመጣ ቀና ብለው አዩ፤ አምፖሏ አልበራችም። ቀጠሉ። ምሳ ይዘው ሲገቡ እትዬ አበዛሽ ሞተው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ይዘምራል። እኔ ግን አምፖሏ መሥራቷን ላረጋግጥ ብዬ ሪሞቱን ከመኝታ ቤት አንስቼ ወደተዘጋው ሱቅ ገባሁ። አራተኛውን ቁልፍ ተጫንኩ። አምፖሏ አልበራችም። ደግሜ ተጫንኩ፤ ምንም። የዲመሩ ካርቶን መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ወረቀቱም ውስጡ። እንግሊዝኛዬ ስብርብር ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩ። መብራት እንደመጣ ቁልፉ ሦስት ሰከንድ ከተያዘ ሪሲቨሯ ትማራለች። አሥር ሰከንድ ከተያዘ የተማረችውን ትረሳለች። የመብራት መሄድና መምጣት ብቻውን አያስረሳትም፤ የሚያስረሳት ቁልፉ ላይ የቆየ ጣት ነው።

የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ አበዛሽ ተጣርተዋል። እንደነገርኳቸው በዚያች በአንዲት እጃቸው ተጭነው ጠብቀዋል፤ መብራቱ ሲመጣም አልለቀቁም። አጥብቀው በተጣሩ ቁጥር መጣሪያቸውን እያጠፉ ነበር። እንዲህ ያድርጉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መብራቱን አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ቁልፉን ሦስት ሰከንድ ያዝኩ። አምፖሏ ብልጭ አለች። ሰው መጥቶ ቢሞክራት ጥፋቴ እንዳይታወቅ ነው። በሩ ሲከፈት ጋሽ ዶላሞ ቆመዋል።

"ትሠራለች እንዴ?" አሉኝ።

"ትሠራለች። ምንም አልሆነችም።"

"እና አልጠራችኝም?"

"አልጠሩም ጋሼ። በእንቅልፋቸው ሳይሆን አይቀርም።" ለእሳቸው አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ለራሴ ፈርቼ ነው።

ጋሽ ዶላሞ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። "ቅዳሜ ጠዋት ተቆጥቻት ነበር" አሉ። "ሁለቴ ጠራችኝ፣ ትራሷን ላስተካክል ብቻ። ሰው ይጠብቀኛል፣ በትንሽ በትልቁ አትጥሪኝ አልኳት። ፊቷን አዞረች። ለዚህ ነው ያልጠራችኝ። አኩርፋኝ ነው።"

"ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ" አልኩና ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ወረቀቱን፣ አሥሩን ሰከንድ፣ ተጭነው ይቆዩ ማለቴን። "ጠርተውዎታል። እስከ መጨረሻው ጠርተውዎታል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ ሪሞቱን ከእጄ ወስደው አራተኛውን ቁልፍ ተጫኑ። አምፖሏ በራች።

"አሁን ነው ያስተካከልኩት ጋሼ! ይመኑኝ፣ አሁን እርስዎ ሳይገቡ ነው!"

"አንተ ጥሩ ሰው ነህ አንጁሎ" አሉኝ፣ ትከሻዬን ይዘው እየተነሱ። "እኔን ለማጽናናት ብለህ በራስህ ላይ አትዋሽ። እግዚአብሔር አይወደውም።"

ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሄጄ እየማልኩ ነገርኳቸው፤ ሻይ ያስመጡልኛል፣ ያመሰግኑኛል። ስለ እትዬ አበዛሽ አሟሟት ለሚጠይቃቸው ሰው ግን መልሳቸው እስከ ዛሬ አንድ ነው፦ "አኩርፋኝ ሄደች።"